ሲግናል ጀነሬተሩ 1 ቮልት ተሞልቶ ስኮፑ ለምን 2 ያሳያል?

ሰላም። ጥያቄዎ «ሲግናል ጀነሬተሩ (የሙከራ ማዕበል የሚያመነጨው መሣሪያ) ላይ 1 ቮልት ፒክ ቱ ፒክ (ከማዕበሉ ታች እስከ ጫፍ) ሞልቼ ኦስሲሎስኮፑ (ማዕበሉን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ) 2 ያሳየኛል፤ 8 ኦም ስፒከር ሳገናኝ ደግሞ ሲግናሉ ይጠፋል፤ የቱ ነው የተበላሸው?» የሚል ነው። ሁለቱም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም።

የማዕበሉ ቅርጽ ሜሞሪ ውስጥ በቁጥር ተቀምጧል። ዳክ የሚባለው ቺፕ ቁጥሮቹን በየተራ ወደ ቮልቴጅ ይቀይራል፤ የሚወጣው ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ ሎው ፓስ ፊልተር ያለሰልሰዋል። ቀጥሎ አምፕሊፋየር ያጎላዋል፣ ኦፍሴት (ማዕበሉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዛውር ቋሚ ቮልቴጅ) ይጨመርበታል፣ በአቴንዌተር (ሲግናሉን በሚቀንሰው ክፍል) ያልፋል። ከዚያ በ50 ኦም የውስጥ ሬዚስተር በኩል ወደ ቢኤንሲው (ኬብሉ የሚሰካበት ማገናኛ) ይወጣል። ጉዳዩ ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው።

ብዙ ጀነሬተሮች ሲበሩ ውጭ ያለው ሎድም (የሚገናኙበት መሣሪያ) 50 ኦም ነው ብለው ያስባሉ። ስለዚህ 1 ቮልት ሲሞሉ ውስጥ 2 ቮልት ያመነጫሉ፤ ግማሹ ውስጥ ይቀራል ብለው ነው። ስኮፕዎ ግን 1 ሜጋ ኦም ስለሆነ ምንም አይካፈልም፤ 2ቱንም ያያል። ስፒከሩ ጋ 2 × 8 ÷ 58 ነው፤ 0.28 ቮልት ገደማ። ለስፒከር የኃይል አምፕሊፋየር መሃል ማስገባት ግድ ነው።

መፍትሔው በአውትፑት ሜኑ ውስጥ ሎዱን ሃይ ዜድ (በጣም ከፍተኛ ኦም ያለው ሎድ) ማድረግ ነው። ይህ የውስጡን ሬዚስተር አይነካም፤ የስክሪኑን ቁጥር ብቻ ያስተካክላል። ሃይ ዜድ ሲያደርጉ ቁጥሩ 2 ይሆናል፣ እንደገና 1 ይሙሉ።

ኦፍሴቱም አብሮ እጥፍ እንደሚሆን ብዙ ሰው ይረሳል። በ50 ኦም ሴቲንግ 3.3 ቮልት ፒክ ቱ ፒክና 1.65 ኦፍሴት ሞልተው የማይክሮኮንትሮለር ፒን ላይ ቢሰኩት ከ0 እስከ 6.6 ቮልት ይደርሰዋል። ፒኑ ሊቃጠል ይችላል። ሁሌ መጀመሪያ በስኮፕ ይዩ፣ ከዚያ ይሰኩ።

ትንሽ ሲግናል ሲፈልጉ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባለ 14 ቢት ዳክ 16384 ደረጃ አለው። በ10 ቮልት ሬንጅ ላይ 10 ሚሊቮልት በቁጥር ብቻ ቢወጣ 16 ደረጃ ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ ሳይኑ መሰላል ይመስላል። አቴንዌተሩ የገባው ለዚህ ነው (ቮልቱን ሲቀንሱ የሚሰሙት «ቀጭ» የእሱ ሪሌይ፣ ማለት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው)። ግን ትልቅ ኦፍሴት ከሞሉ በብዙ ሞዴሎች አቴንዌተሩ አይገባም፣ ኖይዙም ይጨምራል። ኦፍሴቱን ዜሮ አድርገው ከውጭ ባለ 20 ዲቢ፣ 50 ኦም አቴንዌተር ይሰኩ፤ ቮልቱን በ10 ያካፍላል። የሚፈልጉትን ዲሲ (ቋሚ ቮልቴጅ) ከካፓሲተር በኋላ ሰርኪቱ ላይ ይጨምሩ።

የውስጡ ሬዚስተር ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ ሴቲንጉን ወደ 50 ኦም መልሰው 1 ቮልት፣ 1 ኪሎኸርትዝ ሳይን ይሙሉ። በቲ ማገናኛ ስኮፑ ጋ 50 ኦም ተርሚኔተር (ጫፍ ላይ የሚሰካ ሬዚስተር) ይጨምሩ። ከ2 ወደ 1 ከወረደ ደህና ነው። ከ1 በጣም ካነሰ አንድ ሰው ከሰርኪት ወደ አውትፑቱ ቮልቴጅ መልሶበት ሬዚስተሩን ወይም ከፊቱ ያለውን አምፕሊፋየር ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ ከመክፈትዎ በፊት ግን ኬብሉን ቀይረው ይሞክሩ።