በባልጩት ጠመንጃ አጋዘን ማደን፦ ጠይቁኝ

እሺ፣ ጥያቄያችሁን እመልሳለሁ ባልኩት መሠረት ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ። ሜሪላንድ፣ ከቤቴ በመኪና 25 ደቂቃ የሚርቅ አንድ እርሻ አለ። ባለቤቱ በጽሑፍ ፈቅዶልኝ እዚያ ዳር በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ አጋዘን ማደን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የቪዛ ነገር፣ የጠመንጃ ዋጋ፣ "ትልቁ ቀንድ ስንት ነበር" አትበሉኝ። ከሁሉም በፊት፦ ጭስ አልባ ባሩድ እዚህ ጠመንጃ ውስጥ አይገባም። ጥቁር ባሩድ ብቻ! አረሩም ባሩዱ ላይ ቁጭ ይበል።

ናሆም፦ ጋሼ፣ ጀማሪ ነኝ። ለመሆኑ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ቀለህ የሚባል የለም። ባሩዱን በመስፈሪያ ትለካለህ። ባሩዱ ከሚያዝበት ቀንድ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ አታፈስም፤ ካለፈው ተኩስ የቀረ ፍም ውስጥ ካለ ቀንዱ እጅህ ላይ ይፈነዳል። የኔዋ 50 ካሊበር ናት (የበርሜሉ ጉሮሮ ግማሽ ኢንች)፣ 70 ግሬን (የባሩድ መለኪያ ነው) ባለ ሁለት ኤፍ ባሩድ እሰጣታለሁ (ኤፉ በበዛ ቁጥር ባሩዱ ይደቃል)። የሜሪላንድ ሕግ ቢያንስ 40 ካሊበርና 60 ግሬን ይላል። ከዚያ ቅባት የነካው የጥጥ ጨርቅ አፈሙዙ ላይ ታደርጋለህ፣ በላዩ ድቡልቡሏን የእርሳስ አረር። ውፍረቷ 0.490 ኢንች ነው፣ ከጉሮሮው ትንሽ ታንሳለች። የበርሜሉን ጥምዝምዝ የሚይዘው ጨርቁ ነው፣ አረሩን የሚያሽከረክረውም እሱ ነው።

በዘንግ እስከ ባሩዱ ድረስ ትገፋታለህ። ዘንጉ ላይ ምልክት ይኑርህ፦ አንድ ለባዶ፣ አንድ ለጎረሰ። ከሁለተኛው ምልክት ከፍ ብሎ ከቆመ ወይ አረሩ አልወረደም ወይ ሁለቴ አጉርሰሃል። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ካለ ብረቱ ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። መጨረሻ ላይ ከደቃቁ ባለ አራት ኤፍ ቆንጠር አድርገህ ከበርሜሉ ጎን ያለችው ትንሽ የባሩድ ሳህን ላይ ታደርጋለህ። ምላጩን ስትስብ ባልጩቱ ብረቱን ይፍቃል፣ ፍንጣሪው ሳህኑ ላይ ይወድቃል፣ እሳቱ በጎን ቀዳዳ ይገባል። ምላጩን ከሳብክ በኋላ ቅጽበት የምታህል መዘግየት አለች፣ ጀማሪ የሚስተው እዚያች ላይ ነው፣ ጭሱን አይቶ ቀና ስለሚል። ጭሱ እስኪጠፋ ኢላማህ ላይ ቆይ።

የቦሌው፦ ስንት ሜትር ድረስ ይመታል?

መልስ፦ እኔ ከ70 ያርድ (64 ሜትር ገደማ) በላይ አልተኩስም። ድቡልቡል አረር ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል። ያለህ አንድ ተኩስ ነው፣ እስክታጎርስ አጋዘኑ ሌላ ካውንቲ ገብቷል።

ዳኒ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ጓሮዬ ድረስ እየመጡ አበባ ይበሉብኛል። እዚያው ብመታቸውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሰው ከሚኖርበት ቤት በ150 ያርድ ውስጥ ያለ ነዋሪው ፈቃድ መተኮስ ክልክል ነው፣ በዚያ ላይ የአካባቢህ የራሱ ደንብ አለው። አጥር ሥራ።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ ጓደኛዬ የጥይት ባሩድ ተርፎት ሰጥቶኛል። ትንሽ ብቀንስ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! የመጀመሪያውን አንቀጽ አላነበብክም ማለት ነው። የጥይት ባሩድ ጭስ አልባ ነው፣ ግፊቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ይሄ ብረት አይችለውም። "ትንሽ ቀንሼ" ያሉ ሰዎች ጣት አጥተዋል። መልስለት።

ሳሚ፦ እኔ ኢንላይን (ዘመናዊው በአፉ የሚጎርስ) አለኝ፣ ስኮፕም (ማነጣጠሪያ መነጽር) አለው፣ በ150 ያርድ እመታለሁ። ባልጩት ለምን ያስፈልጋል? ሙዚየም ነው እንዴ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ። ከሩቅ መምታት ከፈለግክ በአፉ ማጉረሱ ምን አደከመህ? ፔንሲልቬንያ ከፈረንጆቹ 1974 ጀምሮ ለባልጩት ብቻ የተለየ ወቅት አላት፣ አሁን ከፈረንጅ ገና በኋላ ነው። ስኮፕ የለም፣ ኢንላይንም የለም። ረዣዥሞቹን ጠመንጃዎች ያመጧቸውም እዚያው ላንካስተር አካባቢ የሰፈሩ የጀርመን አንጥረኞች ናቸው፣ በ1700ዎቹ።

ሳሚ፦ እንስሳውን አቁስሎ ከመልቀቅ በስኮፕ በደንብ መምታት አይሻልም?

የቦሌው፦ እዚህ ላይ ሳሚ ልክ ነው።

መልስ፦ ልክ ነው፣ ላልተለማመደ ሰው። ተለማመዱ።

ትግስት፦ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አትሳቁብኝ። ሳይታረድ በጥይት የሞተ በክት አይደለም?

የቦሌው፦ በክት ነው። እናቴ አትነካውም።

ናሆም፦ አያቴ ጎጃም አዳኝ ነበሩ፣ ደርሰው "በስመ አብ" ብለው ይባርኩ ነበር። ማንም በክት ያላቸው የለም።

የቦሌው፦ ነፍሱ ከወጣች በኋላ ቢባርኩት ምን ዋጋ አለው?

ትግስት፦ ደግሞ አጋዘን ይበላል ወይ?

መልስ፦ ዋላ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ተቆጥሯል። የቀረውን የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ ስለ ባሩድ ልመልስ ነው የመጣሁት። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ጾሙ ነው። የታኅሣሡ ወቅት ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ሥጋው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። የጥቅምቱ አጭር ወቅት ነው የሚመቸኝ፣ ረቡዕና ዓርብን ትቶ።

መርጋ፦ ይቅርታ፣ "አጋዘን" ማለታችሁ ስህተት ነው። አጋዘን አገራችን ያለው ቀንዱ ጥምዝምዝ ነው። የዚህኛው ዘር ኢትዮጵያ ውስጥ የለም።

ሳሚ፦ ታዲያ ምን እንበለው? ዲር?

መርጋ፦ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ የኛው አይጥልም። ሌላ ወገን ነው።

መልስ፦ መርጋ ልክ ነህ፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ አጋዘን ይለዋል። እንለፍ።

አቤል፦ ጋሼ እስቲ አሪፍ ምክር ስጡኝ።

መልስ፦ ስለምን? ጥያቄ ጠይቅ እንጂ!

ሄለን፦ ለክትፎ ይሆናል? ከስብ ነጻ ነው አሉ።

መልስ፦ አይሆንም። ጥሬ አይበላም፣ ለብለብም አይሁን። ጫካ ያደገ ነው፣ ጥገኛ ተሕዋስያን አሉት። ደግሞ አጋዘኖችን እያመነመነ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ፣ ቨርጂኒያ በፈረንጅ 2009 ተገኝቷል፣ ሜሪላንድም ፔንሲልቬንያም አለ። ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፣ ግን የታመመውን አትብሉ ይላሉ፤ በሽታው ባለበት አካባቢ ከመታችሁ አስመርምሩ። አንጎልና ሰረሰር አትንኩ። ስቡ ስለሌለው ጥብሱ ይደርቃል፣ ቅቤ አታሳንሺበት። ለቋንጣ ግን ከሱ የሚሻል አላየሁም።

ኤርሚያስ፦ ዝናብ ቢመጣስ?

መልስ፦ ተነካሁ። ሦስተኛው ዓመቴ ላይ ሌሊቱን ሲያካፋ ያደረ ቀን ወጣሁ። ለሁለት ሰዓት አድፍጬ አንድ ወፍራም ወንድ 30 ያርድ ላይ ቆመ፣ በጎኑ፣ እንደ ፎቶ። ምላጩን ሳብኩ። "ጭ።" ቀና ብሎ አየኝና ሣሩን ቀጠለ! የሳህኑ ባሩድ ሌሊት ጭቃ ሆኗል። አሁን ባልጩቱና ሳህኑ ያሉበት ቆልፍ ላይ ሰም የጠጣ የቆዳ ሽፋን አስራለሁ፣ የሳህኑንም ባሩድ በየግማሽ ሰዓቱ እቀይራለሁ። "ጭ" ብሎ ዝም ካለ ደግሞ አፈሙዙን ከሰው አርቀህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቅ፣ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ማታ ቤት ስትገባ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው። የባሩዱ ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፣ ነገ ካልክ ብረቱን ዝገት በልቶታል።

ናሆም፦ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጠመንጃ እንዲህ ያለ ነበር?

መልስ፦ አብዛኛው በአፉ የሚጎርስ ነበር። በፈረንጅ 1868 መቅደላ ሥር እሮጌ ላይ የእንግሊዙ ስናይደር ጠመንጃ ከኋላ ይጎርሳል፤ የኛ ሰው ቆሞ አንዴ እስኪያጎርስ እሱ ደጋግሞ ይተኩሳል። ዘንግ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዮናስ፦ ጋሼ ባሩዱ የጥይት ቢሆን ግን…

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ትግስት፦ ከተኮሱ በኋላ በዚያ ሁሉ ጭስ መምታትዎን በምን ያውቃሉ?

መልስ፦ አላውቅም። ጭሱ ሲገለጥ የቆመበትን ዛፍ በዓይኔ እይዛለሁ። እንደገና አጎርሳለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳልነቃነቅ እቀመጣለሁ፣ ቶሎ ከተከተልሽው ቆስሎም ይሮጣል፣ ከተውሽው ቅርብ ይተኛል። ከዚያ የደሙን ዱካ ቀስ ብሎ መከተል ነው። ግዳዩን ሳታነሺ የአደን መለያ ወረቀቱን እሰሪበት፣ በ24 ሰዓት ውስጥም አስመዝግቢ።

ብሩክ፦ ባሩዱን መልሼለታለሁ። አሁን ጨርቁ ነው የቸገረኝ። ነጠላ ይሆናል?

መልስ፦ ጎበዝ። ነጠላ ሳሳ ነው፣ ይቃጠላል። ጋቢም አይሆንም። ጥቅጥቅ ያለ የትራስ ጨርቅ ፈልግ፣ ጥጥ ብቻ፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ብረቱ ላይ ይጣበቃል። የእናትህን ነጠላ እንዳትቀድ።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ ዘግይተዋል።

መልስ፦ በል እናትህ ሳያዩ አዲስ ግዛ።