አልፋልፋ እየበላች ካልሲየም ያጠራት ላም

ጥያቄ፦ አራተኛ ጥጃዋን የወለደች ጥሩ ወተት ሰጪ ላም አለችኝ። በሰላም ወለደች፣ የእንግዴ ልጁም ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ግን ተኝታ አገኘኋት። ብገፋት ብጎትታት አልነሳ አለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋለች። ሐኪሙ መጥቶ «ካልሲየም ነው» ብሎ በደም ሥሯ ሰጣትና ሰዓት ሳይሞላ ተነሳች። ግራ የገባኝ ነገር፣ ወተቷን ካደረቅኩ ጀምሮ የማበላት አልፋልፋና የአጥንት ዱቄት ነው። ካልሲየም እንዴት ያጥራታል? ካልሲየምስ ለአጥንት እንጂ ከመነሳትና ከመራመድ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላምህ ካልሲየም ሳታበላት ቀርተህ አይደለም። እንዲያውም ያስቸገራት ያለጊዜው የመጣው ልግስናህ ሳይሆን አይቀርም።

የላም ካልሲየም አብዛኛው የተቀመጠው አጥንቷ ውስጥ ነው። ደሟ ውስጥ የሚዞረው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። አንድ ሊትር እንገር ደግሞ 2 ግራም ያህል ይዞ ይወጣል። 10 ሊትር ስታልባት ወደ 20 ግራም ሄደ ማለት ነው፣ ደሟ በአንድ ጊዜ ከሚይዘው በብዙ እጥፍ። ይህን ጉድለት ከአጥንትና ከአንጀት ቶሎ ቶሎ እንዲተካ የሚያዘው አንገት ላይ ያለ ፓራታይሮይድ የሚባል ትንሽ ዕጢ ነው። አንተ ግን ከወሊድ በፊት ካልሲየም ስታጎርፍላት ይህ ዕጢ ሥራ ፈታ። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ቁልፍ ያዡ ግን ተኝቷል። ነቅቶ በደንብ እስኪሠራ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ወተቱ ግን አይጠብቀውም። አልፋልፋ ላይ ደግሞ ፖታሲየምም ይበዛል፤ እሱ አጥንቱ የዕጢውን ትእዛዝ በደንብ እንዳይሰማ ያደርገዋል።

ወደ መራመዱ ስንመጣ፣ ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዘው ከጫፉ በሚለቀው ኬሚካል ነው። ያ ኬሚካል የሚለቀቀው ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ ሲገባ ነው፣ ጡንቻውም ራሱ ያለ ካልሲየም አይኮማተርም። ስለዚህ ትእዛዙም ተቀባዩም አብረው ይደክማሉ። መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወላገዳለች፣ ከዚያ ትተኛለች። እግሯ ብቻም አይደለም የሚዝለው። ጨጓራዋ ይቆማል፣ ማመስኳት ይቀራል፣ ሆዷ ይነፋል፣ እበት አይወጣም፣ የልብ ምቷ ይደክማል፣ ጆሮዋ የሚቀዘቅዘውም ደም በደንብ ስለማይደርሰው ነው። (የሚገርመው፣ በምታጠባ ውሻ ላይ ይኸው እጥረት ጡንቻን ግትር አድርጎ ያንቀጠቅጣል፣ ላምን ግን ያልፈሰፍሳል።) በሽታው «የወተት ትኩሳት» ይባላል፣ ትኩሳት ግን የለውም፤ እንዲያውም ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቶ የትኩሳት መድኃኒት ሲያስወጋ አይቻለሁ።

እንዲህ ተኝታ ስታገኛት አፏ ውስጥ ምንም አታፍስስ። ጉሮሮዋም ጡንቻ ነው፣ መዋጥ ስለሚያቅታት ያጠጣሃት ሳንባዋ ይገባል። አደራህን! ይልቅ በጎኗ ተዘርግታ ከሆነ በደረቷ አስቀምጣት፣ በጭድ የተሞላ ከረጢት ደግፍላት፣ እንዲህ ከሆነ ሆዷ ውስጥ የታመቀው ጋዝም ይወጣል። ሐኪሙ እስኪመጣ ወይም እስክትነሳ ድረስ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ወደ ሌላኛው ጎኗ ገልብጣት። ይህን ቀላል አታድርገው። ግማሽ ቶን የሚጠጋ ላም አንድ እግሯ ላይ ሰዓታት ከተኛች የዚያ እግር ጡንቻና ነርቭ ተጨፍልቆ ይሞታል፣ ከዚያ ካልሲየሙ ተስተካክሎም አትነሳም። ከሲሚንቶ ላይ አንስተህ ወፍራም ጉዝጓዝ ወይም አፈር ላይ አድርጋት። ካልሲየሙን በደም ሥር ራስህ ለመስጠት አትሞክር። ፈጥኖ ከገባ ልብ ያቆማል፣ ሐኪሙ የልቧን ምት እየሰማ ቀስ ብሎ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ከተነሳችም በኋላ ሁለት ቀን አትራቃት፣ መልሶ የሚጥላቸው ብዙ ናቸው። በእነዚያ ቀናት ለጥጃው የሚበቃውን ያህል ብቻ እለባት።

ወልዳ የተኛች ሁሉ ግን የካልሲየም እጥረት የያዛት እንዳይመስልህ። ጥጃው በጉልበት ተጎትቶ ከወጣ ዳሌ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጎድቶ ይሆናል። እንዲህ ያለችዋ ነቃ ያለች ናት፣ ትበላለች፣ ጆሮዋ ሞቃት ነው፣ ለመነሳት ትታገላለች፣ የኋላ እግሮቿ ግን ግራና ቀኝ ይከፈቱባታል። ከቁርጭምጭሚት በላይ በለስላሳ ገመድ ላላ አድርገህ ብታስራቸው ከመሰንጠቅ ትድናለች። ድርቅ ብላ የምትንፈራገጥና በትንሽ ድምፅ የምትደነግጥ ከሆነ ደግሞ የማግኒዥየም እጥረትን ወይም መንጋጋ ቆልፍን አስብ። ለሀጯ እየተዝረከረከ፣ ድምፅዋ ተለውጦ፣ ኋላዋ እየሰነፈ ከሄደ እጅህን አፏ ውስጥ እንዳታስገባ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ለሚቀጥለው ወሊድ የመጨረሻዎቹን 3 ሳምንታት አልፋልፋውንና የአጥንት ዱቄቱን አውጣ፣ በሣር ድርቆሽ፣ በጭድና በመጠኑ በፉርሽካ ያዛት። አታስርባት፣ ካልሲየሙን ብቻ ነው የምትቀንሰው። የወለደች ዕለትና በማግስቱ፣ ቆማ በደንብ የምትውጥ ከሆነ፣ በአፍ የሚሰጥ ካልሲየም ይሰጣት፣ አልፋልፋውም ያኔ ይመለስ። አንዴ የያዛት ላም ደግሞ ሊይዛት ይችላል፣ ዕድሜዋም እየገፋ ነው። ስለዚህ ከኮርማ ጋር የምትዳቀልበትን ቀን ደብተርህ ላይ ጻፍ፣ 280 ቀን ቁጠር፣ ከዚያ 21 ቀን ወደ ኋላ ተመለስና በረቱ በር ላይ በኖራ ጻፈው፤ አንተ ባትኖር እንኳ የሚመግባት ሰው እንዲያየው።