ጥያቄና መልስ፦ ክሎዝ ያደረግነው ፋይል ኢፖል ውስጥ ለምን ይቀራል?

ስለ ሊኑክስ ኢፖል (ብዙ ፋይሎችንና ሶኬቶችን አንድ ላይ እየጠበቀ ዳታ ሲመጣ ለፕሮግራሙ የሚነግር የከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ መሣሪያ) ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። አብዛኛው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ፋይሉን በሕይወት የሚያቆየው ማነው?

ጥያቄ፦ ሶኬቱን (የኔትወርክ ግንኙነቱን ጫፍ፣ ለሊኑክስ እሱም ፋይል ነው) ዘግቼዋለሁ። ኢፖል ግን አሁንም "ዳታ መጣ" ይለኛል። ልሰርዘው ስል ደግሞ እንደዚህ የሚባል ዲስክሪፕተር (የፋይል ቁጥር) የለም ይላል። ላብድ ነው!

መልስ፦ አይዞህ፣ እኔንም ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አድርጎኛል። ሲፒዩው መቶ ፐርሰንት ይጋልባል፣ ሎጉ ላይ ምንም የለም። ለካ ፎርክ አድርጌ (ፕሮሰሱን አባዝቼ) ልጁ ፕሮሰስ ያንኑ ሶኬት ይዞ ተቀምጧል።

አንተ የዘጋኸው ቁጥሩን ነው፣ 7 እንበል። ከ7 ጀርባ ያለው ፋይል ስንት ያዦች እንዳሉት የሚቆጥር የራሱ ቆጣሪ አለው። ፎርክ ወይም ዱፕ (ለዚያው ፋይል ሌላ ቁጥር መስጠት) ካደረግክ ቆጣሪው ይጨምራል፣ ክሎዝ ስትል ይቀንሳል። ፋይሉ የሚሞተው ዜሮ ሲገባ ብቻ ነው። ኢፖል ደግሞ ቁጥሩንና ፋይሉን አጣምሮ ነው የሚመዘግበው። 7 ከተዘጋ በኋላ "7ን ሰርዝ" ብትል በምን ያገኘዋል? ስለዚህ መጀመሪያ ከኢፖል ሰርዝ፣ ከዚያ ዝጋ። ካለፈህ ኢፖሉን ራሱን ዘግተህ እንደ አዲስ መክፈት ነው።

ጥያቄ፦ ቢኤስዲ (ሌላው የዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተም) ላይ ይህ ጣጣ የለም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኬኪው (የእነሱ የኢፖል አቻ) ላይ ቁጥሩ ሲዘጋ ምዝገባውም አብሮ ይሄዳል። እኔ በበኩሌ የእነሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከኢፖል በፊት የነበሩት የመጠበቂያ ጥሪዎች፣ ፖልና ሰሌክትስ?

መልስ፦ እነሱ ጥሪው እስኪመለስ ድረስ ፋይሉን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ሲጨርሱ ይለቃሉ። ከአንድ ጥሪ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ነገር ስለሌለ ራስ ምታትም የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኢፖልም ለምን ቆጣሪው ላይ አንድ ጨምሮ አይገላገልም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ቢጨምር አንቺ የዘጋሽው ሶኬት ከኢፖል እስኪሰረዝ አይሞትም ነበር። መሰረዝ የረሳ ፕሮግራም ሁሉ ሶኬት ያከማቻል፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለውም ግንኙነቱ መዘጋቱን አያውቅም። ስለዚህ ኢፖል የእድር ጸሐፊ ነው። ስም መዝገቡ ላይ አለ፣ ስሙ ስለተጻፈ ግን ሰውየው አይኖርም። ፋይሉ ሲሞት ከርነሉ በመጨረሻው ጽዳት ላይ መጥቶ ስሙን ይፍቃል።

ጥያቄ፦ በሞቱና በመፋቁ መሃል ኢፖል ፋይሉን ቢነካውስ?

መልስ፦ እዚህ ጋ ነው ነገሩ! እ.ኤ.አ. በ2024 በትክክል ይኸው ተገኘ። አንዱ ትሬድ ኢፖል ዌይት (የኢፖል መጠበቂያ ጥሪ) ውስጥ ሆኖ የኢፖሉን መቆለፊያ ይዟል። ሌላው የመጨረሻውን ክሎዝ ይላል፣ ቆጣሪው ዜሮ ይገባል። ጽዳቱ ይጀምርና ያው መቆለፊያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሜሞሪው ገና አልተለቀቀም፣ ፋይሉ ግን በድን ነው። ኢፖል ይህን ሳያውቅ የፋይሉን ፖል ፈንክሽን ("ዳታ አለ ወይ?" ሲባል የሚመልሰውን የድራይቨሩ ኮድ) ይጠራል።

አብዛኛው ድራይቨር አይቶ ስለሚመለስ ጉዳት የለውም። ዲኤምኤ በፍ (መሣሪያዎች ሜሞሪ የሚጋሩበት የከርነል ክፍል) ግን ፖል ውስጥ ሆኖ ቆጣሪው ላይ አንድ ይጨምራል፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ሊቀንስ። ከዜሮ ወደ 1፣ ከ1 ወደ ዜሮ፦ አንድ ፋይል ሁለቴ ተቀበረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የተለቀቀ ሜሞሪ መንካት ይመጣል።

ጥያቄ፦ እንዴት ተስተካከለ? የተነካው ድራይቨሩ ነው ኢፖል?

መልስ፦ ኢፖል። ማስተካከያውን የጻፈው የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ነው። አሁን ኢፖል ፖል ፈንክሽኑን ከመጥራቱ በፊት "ዜሮ ካልሆነ ብቻ አንድ ጨምር" ይላል። ተሳካ? ይጠራል፣ ሲመለስ ይቀንሳል። ዜሮ ከሆነ ፋይሉ የለም ብሎ ያልፋል። ማየቱና መጨመሩ በአንድ የማይከፈል እርምጃ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ አይተህ ቀጥሎ ብትጨምር በመሃል ሌላ ሰው ይቀድምሃል።

ጥያቄ፦ እኔም የከርነል ሞጁል እየጻፍኩ ነው። ፖል ውስጥ ፋይሉን ልያዝ?

መልስ፦ ካልተገደድክ አትያዝ። ጠሪህ ይዞልሃል፣ አንተ ሁኔታውን ንገረውና ተመለስ።