ትኋን መግደል ኃጢአት ነው? ሸረሪትስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሕጉ «አትግደል» ስለሚል ቤቴ ውስጥ ትኋንም ሆነ ሸረሪት ስገድል ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ባለቤቴ ግን ያየውን ሁሉ ይረግጣል። ይህ ኃጢአት ነው? ይህን እያሰብኩ ከቅዱስ ቁርባን ከራቅሁ ሰነበትኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ «አትግደል» (ዘጸ. 20፥13) የተባለው ስለ ሰው ነፍስ ነው። ይህን ትእዛዝ የተቀበለው ሙሴ የእንስሳት መሥዋዕትንም ሥርዓት ተቀብሏል፤ ትእዛዙ ስለ ሕያው ፍጥረት ሁሉ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ እንዴት ይስማሙ ነበር? ስለዚህ ልጅሽን እየነከሰ እንቅልፍ የሚነሣውን ትኋን ብትገድዪ አልበደልሽም። ቅማል ተስቦና ግርሻ ያስተላልፋል። የወባ ትንኝ፣ ያውም የምትነክሰው ሴቷ፣ በሽታዋን ከሰው ወደ ሰው ታደርሳለች። ዝንብ ከቆሻሻ ተነሥታ ምግብ ላይና ሕፃን ዐይን ላይ ታርፋለች፤ ትራኮማ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ለእነዚህ አዝኖ ልጅን ማስታመም ርኅራኄ አይባልም። ቤትን ማጽዳትና የታቆረ ውኃን ማፍሰስ ግን ከመግደሉ ይቀድማል፤ ፀረ ተባይ ስትረጪም ልጆቹንና ምግቡን አርቂ።

ስለ ሸረሪት ግን ባለቤትሽን ባገኘው እሟገተው ነበር። አብዛኞቹ የቤት ሸረሪቶች ሰውን አይጎዱም፤ ይልቁንም ያንኑ ዝንብና ትንኝ አጥምደው ይበላሉ። መርዛማ የሆኑት ጥቂት ናቸው፤ እንዲህ ያለው ልጆች ከሚደርሱበት ቢገኝ ይገደል። ሌላውን በብርጭቆ ከድነሽ፣ ከሥሩ ወረቀት አንሸራተሽ ወደ ውጭ አውጪው። ድሩን ግን ሳትጨነቂ ጥረጊው። የኢዮብ ወዳጅ በልዳዶስም የዝንጉዎችን መታመኛ በሸረሪት ቤት የመሰለው (ኢዮ. 8፥14) የማይጸና ስለሆነ ነው።

ንብ ከሰፈረብሽ ንብ አናቢ ጥሪ። ጉንዳን ከመጣ ምግቡን ክደኚ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አባት ያየውን ሁሉ ሲረግጥ ልጅ ምን ይማራል? የዝንብ ክንፍ እየነቀለ የሚስቅ ሕፃን አይቼ ልቤ አዝኗል። ምድርን ግዙ ያለን አምላክ (ዘፍ. 1፥28) ከዚያ በፊት የምድር ተንቀሳቃሾችን ፈጥሮ መልካም እንደ ሆነ አይቷል (1፥25)። «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» (ምሳ. 12፥10) የሚለው ቃል በቀጥታ የሚናገረው ስለ ከብት ቢሆንም፣ ለትንሹ ፍጥረት የጨከነ ልብ ለከብቱም የሚራራ አይመስለኝም። ስለዚህ ለባለቤትሽ በተግሣጽ ሳይሆን በለሆሳስ ንገሪው።

በትኋን ምክንያት ግን ከቁርባን መራቅ አልነበረብሽም። ሌላ የሚከለክልሽ ነገር ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ከሌለ በእርሳቸው ምክር ተዘጋጅተሽ ቅረቢ።