ከወረርሽኝ ማግሥት ለምትሠሩ ወጣት የጤና ባለሙያዎች

የተከበራችሁ የሙያ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ወደዚህ ሙያ የገባችሁት የኮቪድ-19 በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ የጤና ሁኔታው ማብቃቱን ሲያስታውቅ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የለይቶ ማቆያው አልጋ ወደየክፍሉ ተመልሶ ስታዩ ሥራው የተጠናቀቀ ቢመስላችሁ አይፈረድባችሁም። እኔ ግን በጎንደርና በዙሪያዋ በጤና መኮንንነት ሳገለግል የሸበትኩ ሰው ነኝና፣ ከወረርሽኝ ጉዳት ብዙው ጎልቶ የሚታየው በሽታው ካለፈ በኋላ መሆኑን ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። የማግሥቱ ዝግጅት መጀመር ያለበትም ያኔ ወደ እኛ ሳይመጡ የቀሩትን ሕሙማን በመፈለግ ነው።

በእነዚያ ወራት የተመላላሽ ሕክምናው ወንበር ባዶ የሆነው ሕመም ስለ ጠፋ አልነበረም። ሰዉ «ሐኪም ቤት ሄጄ በሽታ ሸምቼ ልመለስ?» እያለ ቤቱ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 7.1 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ የቲቢ ታማሚ መሆናቸው ታውቆ ሲመዘገቡ፣ በ2020 ቁጥሩ ወደ 5.8 ሚሊዮን ወረደ። ይህ የሆነው በሽታው ስለ ደከመ ሳይሆን፣ የሚያስለው ሰው አክታውን ሳያስመረምር ስለ ቀረ ነው። ያ ሰው እስከ ዛሬ ካልተገኘ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውት ለሚያድሩት ሁሉ አደጋ ነው።

ስለዚህ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የቲቢ ክትትል መዝገቦችን አውጡና የቀጠሮውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች በጣታችሁ ተከተሉት። ከአንድ ወር ጀምሮ ምልክት የሌለበትን ተራ ስታገኙ ስሙን፣ ቀበሌውንና ስልኩን በሌላ ወረቀት ገልብጡ። የተመዘገበው ስልክ የጎረቤት ወይም የልጅ ሊሆን ስለሚችል ስትደውሉ የሕመሙን ስም አትጥሩ፤ «ቀጠሮ ስላለዎት ብቅ ይበሉ» ማለት ይበቃል። ስልኩ የማይሠራ ከሆነ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤቱን ታውቀዋለች። ሰውየው ከመጣ በኋላ ግን «እስከ ዛሬ የት ጠፍተው ነው?» ብላችሁ በሰው ፊት አትቆጡት። ተቆጥተን የመለስነው ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠም አይነግረንም። «እንኳን ደህና መጡ አባባ» ብላችሁ ወንበር ከሰጣችሁት፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ማጣቱን ወይም ኪኒኑን ለሁለት እየከፈለ መዋጡን ራሱ ያወራችኋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የእጃችሁ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የተማራችሁት ከሕሙሙ ርቃችሁ መቆምን፣ ከበር ላይ ሆናችሁ መጠየቅን፣ አጭር ምርመራ አድርጋችሁ ቶሎ መውጣትን ነው። ያኔ ተገቢ ነበር፤ ዛሬ ግን ልማድ ሆኖ እንደ ቀረ በየክፍሉ አያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያሳዝነኛል። ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ ጎልማሳ ትኩሳቱ ሳምንታት ቆይቶ፣ ሰውነቱ መንምኖ ሲመጣ ልብሱን ሳያወልቁ የወባ መድኃኒት ጽፎ መሸኘት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ በጎንደር ለሚሠራ ሰው መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር። አስተኙት፤ ጉልበቱን አሳጥፉት፤ መዳፋችሁን አሙቁና ከሆዱ በስተቀኝ፣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ግራ ጎኑ እየወጣችሁ በዝግታ ዳስሱት። በረጅሙ ሲተነፍስ ያበጠ ጣፊያ ወርዶ ጣታችሁን ይነካዋል። ያን ጊዜ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን የካላዛር በሽታ ምርመራ ታዝዛላችሁ። ካላዛር ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለው። እጅ ታጥቦ፣ ሲያስፈልግ ጓንትና ማስክ አድርጎ ሕሙሙን መንካት ይቻላል፤ ጥንቃቄ መራቅ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ አስተሳሰባችሁን አስተካክሉ።

የሕፃናት ክትባት ነገር በአጭሩ የሚነገር ነው። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ያኔ ያመለጠው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷልና እናቱ በሌላ ጉዳይ ስትመጣም ቢሆን ስለ ክትባት ካርዱ ጠይቋት።

ለዚህች ከተማ የወረርሽኝ ማግሥት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ታሪክም ከዚያ እልቂት ጋር ተያይዞ ይነሣል። ማዕከሉ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ከዚያ ቀደም በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲመጣ የተረፈን መታሰቢያ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ ነው። ባህሉን አልነቅፍም፤ እኔም አጥናለሁ፤ ከሁለቱ ግን ሕዝቡን ይበልጥ የጠቀመው የተማረ ሰው ያፈራው ነው። ከኮቪድ የሚተርፈንስ የትኛው እንዲሆን ትፈልጋላችሁ? በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቧንቧው ተሰብሮ፣ ውኃው ደርቆ የቆመው የእጅ መታጠቢያ ሮቶ መልሱን ከወዲሁ እየሰጠ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ለወረርሽኙ የገባው የኦክስጅን መሣሪያ ዛሬ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን የሚያተርፍ ነው። ኦክስጅንን ከአየር የሚለየው ኮንሰንትሬተር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ማሽኑ እየጮኸ ቢሠራም የሚሰጠው ኦክስጅን ይቀንሳል። ማጣሪያውን የሚያጥበው ማን እንደ ሆነ ስሙ በግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነው ባዮሜዲካል ባለሙያ እስኪመጣ አትጠብቁ። መብራት ሲጠፋ የሚተካው ሲሊንደር ሙሉ መሆኑንም ተረኛው ሥራ ሲረከብ ይመልከት።

ስለ ራሳችሁም ልናገር። በዚያ ጊዜ ጎረቤት የሸሻቸው፣ የገዛ ወላጃቸውን ለቅሶ በወጉ ያልተቀመጡ ባልደረቦች አሉን። ከነዚህ አንዱ ያለ ምክንያት ሲቆጣ ወይም ተረኝነት ሲፈራ ብታዩ «ሰነፈ» አትበሉት፤ ቡና ጋብዙትና አናግሩት፤ እንቅልፍ ካጣም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል አብራችሁት ሂዱ።

በመጨረሻም፣ ያኔ የሠሩት ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ሳይዛወሩ የሠሩትን ጻፉ። የልየታው ድንኳን የት ተተከለ፣ የትኛው ክፍል በስንት ቀን ለለይቶ ማከሚያ ተዘጋጀ፣ አስከሬን በየት በር ወጣ፣ ምግብ ማን አቀረበ፣ ምን ዕቃ ቀድሞ አለቀ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ሌሊት በማን እጅ ነበር፤ ይህ ሁሉ ዛሬ ያለው በጥቂት ነርሶችና በአንድ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው። የጽዳት ሠራተኞቹን በተለይ ጠይቁ፤ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያልተያዘውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የጻፋችሁትን አንዱን ቅጂ በተቋሙ፣ ሌላውን በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አስቀምጡ፤ አዲስ ተቀጣሪም ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ያንብበው።