ጥያቄና መልስ፦ የግቢ ምድጃ ልትሠሩ ላሰባችሁ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ብርዱ ሲገባ የዚህ ዓምድ ጥያቄዎችም መልካቸውን ይቀይራሉ። ሰሞኑን የደረሱኝ አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ዳር የመጡ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ በድንጋይ የተከበበ የእሳት ቦታ ሠርተው፣ ማታ ማታ ሰብሰብ ብለው ሊሞቁ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ሥራው ከባድ አይደለም። ጥያቄዎቹን ሳነብ ግን ጣጣ የሚያመጣው እሳቱ ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ። ድንጋዩ፣ እንጨቱና አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃም የዋዛ አይደለም።

«ከቤታችን ጀርባ ወንዝ አለ። ለስላሳ ድቡልቡል ድንጋይ በነፃ ሞልቷል፤ ልጆቹም ለቅመው አምጥተውልኛል። ባለቤቴ ግን ‹ይፈነዳል› ብላ አላሠራ አለችኝ። እውነቷን ነው?» (ከሱሉልታ)

ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ወንዝ ውስጥ ለዓመታት የተኛ ድንጋይ በየስንጥቁ ውሃ ጠጥቷል። እሳት ሲያገኘው ያ ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ ደግሞ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። መውጫ ካጣ ድንጋዩን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ስባሪውም የሰው ዓይን ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሁሉም የወንዝ ድንጋይ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ችግሩ የትኛው እንደሚፈነዳ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ልጆቹ የለቀሙት የአበባ መደቡን ዙሪያ ያስጊጥ።

ለእሳት የሚሆነው ለቤት መሠረት የምንጠቀምበት ጥቁር ድንጋይ ነው። አዲስ አበባና አካባቢዋ እሳተ ገሞራ በተወው ድንጋይ ላይ ስለተቀመጡ እሱስ አይቸግርም። ሙሉ ቢያጆ ማስጫን አያስፈልግዎትም። ቤት እየሠራ ያለ ጎረቤት ካለ የተረፈውን ይጠይቁት፤ በእጅ ጋሪ ተመላልሶ ያልቃል።

ሲመርጡ መዶሻ ይያዙ። ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀምጠው ጫፉን መታ ያድርጉት። ደህናው ቃ! ብሎ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ዷ ብሎ ይቀራል። ጥሩ ግንበኛ ሲሠራ ልብ ብለው ካዩት፣ እያወራም ቢሆን ድንጋዩን ከማስቀመጡ በፊት በመዶሻው ነካ ያደርገዋል። ድምፁ ካልጣመው ሳያየው ወደ ኋላ ይወረውረዋል።

ስለ ልኩም ስላልጠየቁ ልንገርዎት። መሐል ላይ ችካል ይትከሉ፣ ሲባጎ ይሰሩበት። በ45 ሳንቲሜትር አንድ ክብ፣ በ70 ሳንቲሜትር ሌላ ክብ ያስምሩ። በሁለቱ መካከል ያለው የግድግዳው ቦታ ነው። ሙሉውን ክብ 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍረው አፈሩን ያውጡና 15 ሳንቲሜትር ጠጠር ይሙሉ፤ የዝናብ ውሃ ሰርጎ የሚሄደው በዚያ ነው። ትልልቁን ድንጋይ ከታች ያድርጉት። የላይኛው ድንጋይ የታችኛዎቹን መጋጠሚያ ይሸፍን። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ በሦስት ወይም በአራት ቦታ የእጅ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዉ፤ እሳት ካልተነፈሰ ይጨሳል። ቁመቱ ከመሬት በላይ 35 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ካደረጉት እግርዎ ሳይሞቅ ፊትዎ ብቻ ይሞቃል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምሽቶች አነስ ያለ እሳት ብቻ ያንድዱ። ከካባ የመጣውም ድንጋይ ቢሆን እርጥበት አያጣውም፤ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

«ግንበኛው በሲሚንቶ ካልሆነ አይቆምም እያለኝ ነው። ብሎኬትም ተርፎኛል። ምን ትላለህ?» (ከገላን)

ግንበኛው ስለ አጥር እያወራ ቢሆን አልከራከረውም ነበር። ለእሳት ግን ሌላ ነው። ተራ ሲሚንቶ ሙቀቱ 400 እና 500 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ ያለው ውሃ ይለቅና ጉልበቱን ያጣል። የእንጨት ፍም ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሲሚንቶው መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ይፈረፈራል። ብሎኬቱ ይባስ፤ እሱ ራሱ ሲሚንቶ ነው። ለሌላ ሥራ አስቀምጠው።

የገላን ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ጥቁር አፈሩ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በሲሚንቶ ያሰርከው ክብ አብሮት ይሰነጠቃል። ያለ ሲሚንቶ የደረደርከው ግን ቢንቀሳቀስ እንኳ አፍርሰህ በአንድ ከሰዓት ትመልሰዋለህ። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር እስከ 50 ሳንቲሜትር አውጣና ገረጋንቲ ሞልተህ ጠቅጥቀው፤ ጠጠሩ ከዚያ በላይ ይሁን። ድንጋዩን የሚያያይዝ ነገር የግድ ካስፈለገህ ቀይ የሸክላ አፈርና አሸዋ አቡክተህ ተጠቀም። እናቶቻችን የምጣድ ምድጃቸውን የሠሩት በዚሁ ነው፤ ሲሰነጠቅም ይለስኑታል።

«ባለፈው እሑድ እሳት አንድደን ጎረቤቴ ‹ልብሴን ሁሉ ጭስ ጭስ አሸተትሽው› ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋም ቀዝቅዟል። ባህር ዛፍ ነበር ያነደድነው። እንጨቱ ነው ወይስ እኛ?» (ከለገጣፎ)

ሁለታችሁም። ባህር ዛፍ ስሙ ያለ ጥፋቱ ይነሳል እንጂ ሲደርቅ ጥሩ ማገዶ ነው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ይህችን ከተማ ያሞቀው እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ማገዶ ጠፍቶ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር። እናንተን ያስጨሳችሁ እርጥበቱ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ሲያተን ያመሻል፤ ሙቀቱ ለእሱ ያልቅና ለእናንተ ጭሱ ይተርፋችኋል።

ፍልጡን ስትገዢ ጫፉን እዪው። ከመሐል ወደ ዳር የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደርቋል። ሁለቱን አጋጭተሽ ስሚ፤ ደረቁ ይጮኻል፣ እርጥቡ ይታፈናል። ሻጩ «ደረቅ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ እርጥብ ነው ብሎ የሸጠ ነጋዴ አላጋጠመኝም። ከቻልሽ የዘንድሮውን ለሚመጣው ዓመት ግዢ። ቆርቆሮ ከላዩ ብቻ ይሁንለት፣ ጎኑን ንፋስ ያግኘው፣ ከሥሩ አጣና አንጥፊለት። ወይራ ካገኘሽማ ፍሙ ይቆያል። ጥድ ግን ፍንጣሪ ይበዛዋል፤ ነጠላ የለበሰ ሰው አጠገብ አይሆንም። ፌስታል፣ ቀለም የተቀባ ጣውላና ቺፕውድ ጨርሶ አይግባ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ጎረቤትሽን በተመለከተ፣ የሰው ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ እሳት አይነደድም። በሚቀጥለው ጊዜ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ይልቁንም ጥሪያት። የተጠበሰ በቆሎ ይዞ የተቀመጠ ሰው ስለ ጭስ ብዙ አያወራም።

«ልጄ፣ እሳቱ ሲያልቅ ፍሙ ያሳዝነኛል። በማንደጃ አድርጌ መኝታ ቤት ባስገባው ምን አለበት? ብርዱ አጥንቴን ነው የሚገባው።» (አንዲት እናት፣ ከቡራዩ)

እማማ፣ ይህን እንኳ እሺ አልልዎትም። ፍም ሲከስም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። አይታይም፣ አይሸትም። የነደደ ፍም ጭስ ስለሌለው ምንም የማያደርግ ይመስላል፤ ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ራስ ያምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ይጥላል። ብዙ ቤተሰብ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልነቃው በዚህ ነው። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግም አስተማማኝ አይደለም። ለብርዱ በላስቲክ መያዣ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ያድርጉ። ፍሙ ውጭ ይደር።

«ግቢዬ ጠባብ ነው። የቆርቆሮ አጥር አለ፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን አለ። ክዳኑ ሲሚንቶ ስለሆነ እዚያ ላይ ብሠራውስ?» (ከአያት ጫፍ)

በፍጹም! ታንኩ ውስጥ ሜቴን አለ፤ እሳት የሚይዝ ጋዝ ነው። ክዳኑም በሙቀት ይሰነጠቃል። ከታንኩ፣ ከአየር ማስወጫ ቱቦውና ከጋዝ ሲሊንደር ራቅ በል። ከቤቱ ግድግዳ፣ ከአጥሩና ከእንጨት ክምሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይኑርህ፤ 5 ቢሆን ደስ ይለኛል። ቀና ብለህም እይ፦ የመብራት ገመድ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ከላይ ካለ ቦታው አይሆንም። 3 ሜትሩን ካጣህ ምድጃውን ተወው። ከሰል በማንደጃ አድርገህ ደጅ ላይ መሞቅም መሞቅ ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ይያዘው።

«ተከራይ ነኝ። አከራዬ መሬት መቆፈር አይፈቅዱም።» (ከሰበታ)

የአሮጌ ከባድ መኪና ቸርኬ ፈልግ። በሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ከሥሩ ጠጠር አፍስስ። ቤት ስትለቅ ይዘኸው ትሄዳለህ። ጎማው ሙሉ በሙሉ የወጣ ይሁን። አከራይህንም አስፈቅድ፤ ባይቆፈርም እሳት እሳት ነው።

«የ2 ዓመት ልጅ አለችን። ከምን እንጠንቀቅ?» (ከሰንዳፋ)

ከማግስቱ ጠዋት። ማታ ሁሉም ሰው ልጁን ይጠብቃል። ጠዋት ግን አመዱ ግራጫ ሆኖ፣ ቀዝቃዛ መስሎ፣ ከሥሩ ረመጥ አለ። ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን በአካፋ በትኑት፣ ውሃ ቀስ እያላችሁ እርጩበት፣ አገላብጣችሁ እንደገና እርጩ። ባልዲውን በአንዴ አትድፉበት፤ የጋለ ድንጋይ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ላዩን በቆርቆሮ ክደኑት።

ከተቃጠለች ወዲያው ለ20 ደቂቃ ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙት። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ አፍስሱ። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይቀባም፤ አያቷም ቢሆኑ እሺ አትበሏቸው። ቃጠሎው ውሃ ከቋጠረ፣ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ውሃውን አፍስሳችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

«አመዱን ጎመኔ ላይ ብበትነውስ?» (ከእንጦጦ ጀርባ)

የእንጨት ብቻ ከሆነ ይበትኑት፣ በስሱ። ቀይ አፈር ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ ስለሆነ አመድ ይስማማዋል። ድንች ያለበት መደብ ላይ ግን አይሁን፤ ልጡ ላይ እከክ ያበዛበታል።