የሜሎድራማ ተመልካች ጩኸት ተዋናዮችን ይረብሻል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ውድ ጠያቂ፣ በሠፈራችሁ የቲያትር ቡድን የድሮ ዓይነት አስቂኝ ሜሎድራማ (ደግና ክፉ ሰዎች በግልጽ የተለዩበት፣ ተመልካቹም ለጀግናው እያጨበጨበ ክፉውን በጩኸት የሚያወግዝበት፣ ስሜቱ የተጋነነ ተውኔት) ስታዘጋጁ የተመልካቹ ጩኸት ተዋናዮቹን ይረብሽ እንደሆነ ጠይቀዋል። ጩኸቱ የትዕይንቱ አካል ስለሆነ በልምምድ ጊዜም ቦታ ከተሰጠው አይረብሽም። ጥቁር ካባ የደረበው ክፉ ሰው መበለቲቱን ካስፈራራ በኋላ ፂሙን እየጠቀለለ ወደ ተመልካቹ ዞር ይልና ዝም ይላል፤ ውግዘቱ ጣሪያ ነክቶ መብረድ ሲጀምር ብቻ ቀጣዩን ቃል ያወጣል፤ ከቸኮለ ንግግሩ ይዋጣል፣ ከዘገየ ደግሞ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል። ፒያኖ ተጫዋቹም ለጀግናው ብሩህ፣ ለክፉው ወፍራምና ጨለምተኛ ዜማ እያሰማ ተመልካቹን ስለሚመራ፣ በእኔ እምነት ከሁሉም በፊት በጥንቃቄ መመረጥ ያለበት እሱ ነው።

በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ በቱልሳ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ቦስተን ላይ ለመድረክ የበቃው «ሰካራሙ» የተሰኘ ተውኔት ከ1953 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በዚህ መንገድ ሲታይ ኖሯል። ተውኔቱ በመነሻው መጠጥን ለማስጣል ከልብ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ተዋናዮቻችሁ ሆን ብለው ለማሳቅ እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ፤ መበለቲቱ የምር ስታለቅስ ነው ሳቁ የሚመጣው። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊትም አስተዋዋቂው ተመልካቹን አንድ ጊዜ ጭብጨባውንና ውግዘቱን ያለማምደው።